ዲን፣ ካምሰል፣ ብሉመር ወይስ ውድዋርድ? ከድሮዎቹ የእንግሊዝ ጎል አግቢዎች አንዱን ለመምረጥ

ኤርሊንግ ሃላንድ በ2022/23 በፕሪሚየር ሊጉ 36 ጎል ሲያገባ ኳስ ቤት ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ "በእንግሊዝ ታሪክ እንዲህ ያገባ ሰው የለም!" ብሎ ጮኸ። ከኋላ አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ሳቅ አሉ። "ልጄ፣ ስልሳ ያገባ አለ" አሉት። ልጁ ስልኩን አወጣ። ፈለገ። ዝም አለ።

ክርክሩ ግን እዚያ አላበቃም። ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣ። በአንድ ዓመት ስልሳ ያገባው ይበልጣል ወይስ ከሃያ ዓመት በላይ ሲያገባ የኖረው? ክለቡን ሻምፒዮን ያደረገው ወይስ ለአገሩ በተሰለፈበት ጨዋታ ሁሉ ያገባው? ሻይ ቀዘቀዘ፣ መግባባት አልተቻለም።

እናንተም እንዲህ ዓይነት ክርክር ውስጥ ከገባችሁ ይህ ጽሑፍ ይጠቅማችኋል። አራት ሰዎች አቀርባለሁ። የኤቨርተኑን ዲክሲ ዲን፣ የሚድልስብሮውን ጆርጅ ካምሰል፣ የደርቢ ካውንቲውን ስቲቭ ብሉመር፣ የቶተንሃምና የቼልሲውን ቪቪያን ውድዋርድ። እኔ የማደላለት ሰው አለኝ፣ አልደብቅም። እናንተ የራሳችሁን ምረጡ። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ መሆናቸውን ብቻ ልብ በሉ።

መጀመሪያ የኦፍሳይዱን ሕግ እዩ

ስም ከመጥራታችን በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይህን ሳያውቁ የድሮ ጎል መቁጠር የጃንሆይን ዘመን ብር ከዛሬ ብር ጋር እኩል እንደመቁጠር ነው።

እስከ 1925 ድረስ አንድ አጥቂ ኳስ ሲሰጠው በእሱና በጎሉ መስመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተቃራኒ ተጫዋቾች መኖር ነበረባቸው። አንዱ አብዛኛውን ጊዜ በረኛው ነው። ስለዚህ ሌሎች ሁለት ተከላካዮች ያስፈልጋሉ። አሁን አስቡት። ከሁለቱ የኋላ ተከላካዮች አንዱ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ከወጣ አጥቂው ኦፍሳይድ ነው። ሌላው ደግሞ ለክፉ ቀን ከኋላ ይቀራል። ዘዴው ቢበላሽ እንኳ ጎሉ ባዶ አይሆንም። የኒውካስሉ ቢል ማክራከን በዚህ ዘዴ የታወቀ ነበር። አጥቂዎችን አናደደ፣ ተመልካቹንም አሰለቸ። ጨዋታው መሐል ሜዳ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

በ1925 ክረምት "ሦስት" የሚለው "ሁለት" ሆነ። ለውጡ ይህችው ብቻ ናት። ውጤቱ ግን ጉድ ነው። በ1924/25 በእንግሊዝ ሊግ አራቱ ዲቪዚዮኖች የገቡት ጎሎች 4,700 ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው የጨዋታ ብዛት፣ 6,373 ሆኑ።

የአንደኛ ዲቪዚዮንን፣ ማለትም የዚያን ዘመን ትልቁን ሊግ፣ ክብረ ወሰንም እዩት። በድሮው ሕግ ከፍተኛው የአንድ ዓመት ቁጥር 38 ነበር። የኤቨርተኑ በርት ፍሪማን በ1908/09 አገባው፣ የቦልተኑ ጆ ስሚዝ በ1920/21 ደገመው። አዲሱ ሕግ በመጣበት በመጀመሪያው ዓመት የብላክበርኑ ቴድ ሃርፐር 43 አገባ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ዲን 60 አደረሰው።

ስለዚህ አራቱ ሰዎቻችን ለሁለት ይከፈላሉ። ብሉመርና ውድዋርድ የተጫወቱት በሦስት ሰው ሕግ ነው። ዲንና ካምሰል ስማቸውን የተከሉት በሁለት ሰው ሕግ ነው። የብሉመርን ከፍተኛ የአንድ ዓመት ቁጥር 24ን ከዲን 60 ጋር አነጻጽሮ "በቃ፣ አለቀ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ዲን ወይስ ካምሰል?

የምትፈልጉት አንድ የውድድር ዘመን ከሆነ፣ ማለትም "በአንድ ዓመት ማን አበደ?" ከሆነ ጥያቄያችሁ፣ ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ካምሰል በደርሃም አካባቢ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር። በ1926/27 ለሚድልስብሮ በ37 የሊግ ጨዋታ 59 ጎል አገባ። ዘጠኝ ሀትሪክ (በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል) አለበት። ዘጠኝ! ቡድኑ በዚያ ዓመት 122 ጎል አግብቶ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ወጣ። ችግሩ ይህ ሁሉ የሆነው በሁለተኛ ዲቪዚዮን መሆኑ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ዲን መጣ። ይህ ልጅ የበርከንሄድ ተወላጅ ነው፣ ኤቨርተን ከትራንሜር በ3,000 ፓውንድ የገዛው ገና 18 ዓመቱ ላይ ነበር። በ1926 ክረምት ሞተር ሳይክል እየነዳ ከባድ አደጋ ደረሰበት። የራስ ቅሉና መንጋጋው ተሰበረ። ሐኪሞች ኳስ መጫወቱን ይተው ብለው ነበር። እሱ ግን በዚያው ዓመት ተመለሰ፣ ያውም በቴስታ ማግባቱን ቀጠለ። የተሰበረ ጭንቅላት ይዞ በቴስታ መጫወት ምን ማለት እንደሆነ የዚያን ዘመን ኳስ የሚያውቅ ይፍረድ። ቆዳ ነው፣ ዝናብ ሲጠጣ ድንጋይ ይሆናል።

የ1927/28 መጨረሻ ለብቻው ይነገራል። ሁለት ጨዋታ ሲቀር ዲን 53 ላይ ነበር። በርንሌይ ላይ አራት አገባ፣ 57 ሆነ። የካምሰልን 59 ለመስበር በመጨረሻው ቀን ሦስት ያስፈልገዋል። ግንቦት 5 ቀን 1928፣ ጉዲሰን ፓርክ፣ ተጋጣሚው አርሰናል። ኤቨርተን ሻምፒዮን መሆኑ አስቀድሞ ስለታወቀ ሕዝቡ የመጣው ለእሱ ነው። ሁለቱን በጊዜ አገባ። ሦስተኛው ግን እምቢ አለ። ደቂቃው እያለቀ ሄደ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አሌክ ትሩፕ ከማዕዘን ኳሱን አሻማ፣ ዲን ከፍ ብሎ በቴስታ ገጨው። ስልሳ። ጨዋታው 3 ለ 3 አለቀ፣ ውጤቱን ግን ማን ልብ አለው?

እንግዲህ ስናነጻጽር፣ ዲን 60ውን ያገባው በ39 የሊግ ጨዋታ ነው፣ በትልቁ ዲቪዚዮን። ኤቨርተን በዚያ ዓመት ያገባው 102 ነበር። ከአሥር ጎል ስድስቱ የአንድ ሰው ናቸው ማለት ነው። ካምሰል ከቡድኑ ጎል ግማሽ ያህሉን ነው የያዘው። እና አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ካምሰል ክብረ ወሰኑን ባጣበት በዚያው ዓመት ሚድልስብሮ የመጨረሻ ሆኖ ተመልሶ ወረደ። ያውም ካምሰል ከ30 በላይ ጎል አግብቶ።

"ሕጉ ስለተቀየረ ነው" የሚል ሰው ዲንን ሊያጣጥለው ሲፈልግ እኔ አልስማማም። ሕጉ የተቀየረው ለሁሉም ነው። ከእሱ በኋላ በአንደኛ ዲቪዚዮን የተቃረበው የአስቶን ቪላው ፖንጎ ዋሪንግ በ1930/31 ነበር፣ 49 አገባ። አሥራ አንድ ጎል ይጎድለዋል። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ሃላንድም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር የሱ 36 የተቆጠረው በ38 ጨዋታ ሊግ ነው፣ የዲን ሊግ 42 ነበረው።

ስለዚህ በክለብ ዲንን ውሰዱ። በብሔራዊ ቡድን ግን ጉዳዩ ይገለበጣል። ዲን ለእንግሊዝ 16 ጊዜ ተሰልፎ 18 አገባ፣ ከነዚህ 12ቱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች ነው። ካምሰል 9 ጊዜ ብቻ ተሰለፈ። እሱም 18 አገባ። የሚገርመው በዘጠኙም ጨዋታ ማግባቱ ነው። ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂየም፣ ከጀርመን፣ ከስኮትላንድ፣ ከኦስትሪያ ጋር ተጫወተ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ባዶ እጁን አልወጣም። ለምን ዘጠኝ ብቻ? አንድ የመሐል አጥቂ ቦታ ነበረች፣ ዲን ደግሞ በሕይወት አለ። እንግሊዝም በዚያ ዘመን በዓመት የምትጫወተው ጥቂት ነበር።

ለተረሳ ሰው መቆም የምትወዱ ከሆነ ካምሰል የእናንተ ሰው ነው። ለሚድልስብሮ በሁሉም ውድድር 345 ጎል አግብቷል። ቢሆንም ከሰፈሩ ውጭ ስሙን የሚያነሳው ትንሽ ነው። በአንዲት ጎል፣ በአንድ ዓመት ተቀደመ።

ውድዋርድ፦ ደመወዝ ያልነካው

በዚህ ላይ አጠር አደርጋለሁ፣ ምክንያቴንም እናገራለሁ።

ውድዋርድ በሙያው አርክቴክት ነበር። ኳስ የተጫወተው በአማተርነት ነው፣ ደመወዝ ሳይቀበል። ቶተንሃም በ1908 ወደ ሊጉ ሲገባ የመጀመሪያዋን የሊግ ጎል ያገባላቸው እሱ ነው፣ በዎልቭስ ላይ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ፣ በ1912 ደግሞ ስቶክሆልም ላይ፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው ቡድን አምበል ነበር። በሁለቱም ፍጻሜዎች የተሸነፈችው ዴንማርክ ናት።

ለዋናው ብሔራዊ ቡድን 23 ጊዜ ተሰልፎ 29 ጎል አግብቷል። ይህ ክብረ ወሰን እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ሳይሰበር ቆየ። በወረቀት ስታዩት ከብሉመር በአንድ ይበልጣል። ብሉመርም ልክ 23 ጊዜ ተሰልፎ 28 ነው ያገባው።

ግን እስቲ ተጋጣሚዎቹን እዩ። እንግሊዝ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ደሴቶች ውጭ ብሔራዊ ቡድኗን መላክ የጀመረችው በ1908 ነው። ኦስትሪያን 11 ለ 1 አሸነፈች፣ ውድዋርድ አራት አገባ። በ1909 ሃንጋሪን 8 ለ 2፣ እንደገና አራት። ኦስትሪያን 8 ለ 1፣ ሦስት። ከ29ኙ ግማሽ ያህሉ በእነዚህ ጉዞዎች የመጡ ናቸው፣ ያኔ ኳስን ገና በሚማሩ ቡድኖች ላይ። ብሉመር እነዚህን አላገኛቸውም። የእሱ 28 በሙሉ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ ላይ የተለቀሙ ናቸው። ለእኔ የብሉመር 28 ከውድዋርድ 29 ይከብዳል።

ሰውን ለሰውነቱ የምትመርጡ ከሆነ ግን ውድዋርድን አትለፉት። በ1915 ቼልሲ ለኤፍኤ ካፕ፣ ለእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ሲደርስ እሱ ወታደር ነበር። ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ቡድኑን እዚያ ያደረሰው አጥቂ ቦብ ቶምሰን ግን ለመጫወት ደረሰ፣ ውድዋርድም ቦታው የሱ ነው ብሎ ተወለት። ቼልሲ 3 ለ 0 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ውድዋርድ ጦር ሜዳ ላይ በእጅ ቦምብ ጭኑን ቆሰለ።

ብሉመር፦ የእኔ ሰው

አሁን ወደምወደው ልምጣ።

ብሉመር ለደርቢ ካውንቲ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በመስከረም 1892 ነው፣ በ18 ዓመቱ። የመጨረሻውን የተጫወተው በጥር 1914 ነው፣ በ40 ዓመቱ። ቀጭን ነበር። ፊቱ ከመገርጣቱ የተነሳ ተመልካቹ በዚያ ቅጽል ስም አውጥቶለት ነበር። አይታችሁት ቢሆን በሽተኛ ነው ትሉት ነበር። ኳስ ስትመጣለት ግን አያቆማትም፣ አያስተካክላትም። በመጣችበት፣ መሬት ለመሬት፣ በግራም በቀኝም ይመታታል። በረኛው ዘወር ሲል ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ይቅርታ፣ መጀመሪያ ሲጀምር ገና የጎል መረብ ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

በሊግ 352 ጎል አለው፣ ከ310 የሚበልጡት በአንደኛ ዲቪዚዮን። ሁሉም በሦስት ሰው ሕግ። አምስት ጊዜ የአንደኛ ዲቪዚዮን ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆኗል፣ የመጀመሪያው በ1896፣ የመጨረሻው በ1904። ዲን ይህን ያደረገው ሁለት ጊዜ ነው። ከዚህ በላይ ለንጽጽር የሚመች ነገር የለም። የዘመኑን ሰዎች በዘመኑ ሕግ ስንት ጊዜ በለጥክ? ብሉመር፣ አምስት። ከፍተኛው የሆነው 24 የገባው ደግሞ በ30 ጨዋታ የውድድር ዘመን ነው።

ለእንግሊዝ የጀመረው በመጋቢት 1895 በአየርላንድ ላይ በሁለት ጎል ነው። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎች ሁሉ አገባ። በ1896 ካርዲፍ ላይ ዌልስን 9 ለ 1 ሲያሸንፉ አምስቱ የእሱ ነበሩ።

ድክመት የለውም ማለቴ አይደለም። ዋንጫ የለውም። ደርቢ በ1898ና በ1899 ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። በ1903 ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርስ ብሉመር ተጎድቶ ውጭ ነበር፣ ደርቢ በበሪ 6 ለ 0 ተቀጣ። ሊግ አላነሳም፣ በ1912 ካመጣው የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮንነት በቀር። ዋንጫ መቁጠር የምትወዱ ከሆነ ዲን ይሻላችኋል። እሱ በ1928ና በ1932 ሊጉን፣ በ1933 ኤፍኤ ካፑን አንስቷል።

ግን የብሉመርን ዋጋ ለማየት ደርቢ ያለ እሱ ምን እንደሆነ እዩ። በ1906 ወደ ሚድልስብሮ ሸጡት። በሚቀጥለው ዓመት ደርቢ ወረደ። በ1910 መለሱት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አምበል ሆኖ ወደ ላይ አወጣቸው። ያኔ 38 ዓመቱ ነበር።

ከሜዳ ከወጣ በኋላ ያለው ታሪኩ ደግሞ ለብቻው አንድ ምሽት ይፈልጋል። በ1914 ክረምት በርሊን ውስጥ ብሪታንያ የተባለ ክለብ ሊያሠለጥን ሄደ። ሳምንታት እንኳ ሳይቆይ ጦርነት ተነሳ። ጀርመኖች ያዙት፣ ሩሌበን ወደተባለ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ወሰዱት፣ ሜዳው የእንግሊዛውያን እስር ቤት ሆኖ ነበር። እስረኞቹ እዚያ ሊግ አቋቋሙ፣ ኳስ ተጫወቱ፣ ከመካከላቸው ሌሎች የታወቁ ኳስ ተጫዋቾችም ነበሩ። እስከ 1918 ድረስ እዚያ ቆየ። በኋላ ወደ ስፔን ሄዶ ኢሩን ከተማ ላይ ሪያል ዩኒዮንን አሠለጠነ፣ በ1924 የንጉሡን ዋንጫ አነሳ። ፍጻሜው ላይ ያሸነፉት ሪያል ማድሪድን ነው፣ 1 ለ 0። እንግሊዝ የነፈገችውን ዋንጫ ስፔን ሰጠችው።

ታዲያ ማንን?

የምትመርጡት ምን ለማድረግ እንደሆነ ጠይቁ። ኳስ ቤት ገብታችሁ አንድ ቁጥር ጠርታችሁ ክርክሩን መዝጋት ከፈለጋችሁ ዲን፣ 60። ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልጃችሁን የድሮ ኳስ ታሪክ ልታስወድዱት ከፈለጋችሁም በዲን ጀምሩ። የሞተር አደጋው፣ የመጨረሻው ቀን፣ ከዚያም አሟሟቱ አለ። በመጋቢት 1980 ጉዲሰን ፓርክ ላይ ኤቨርተን ከሊቨርፑል ሲጫወት ለማየት መጥቶ፣ እዚያው ሜዳው ላይ ልቡ ቆመ።

የኳስ አዋቂ ጋር የምትከራከሩ ከሆነ ግን ብሉመርን ይዛችሁ ግቡ። ሰውዬው "60" ሲላችሁ "በስንት ተከላካይ ሕግ?" በሉት። "ውድዋርድ 29" ሲላችሁ "በእነማን ላይ?" በሉት። ካምሰልን የሚያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ ግን አትከራከሩት፣ ሻይ ጋብዙት። እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ አይገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። የምርጥ 11 ቡድን ለመሥራት ከሆነ የምትመርጡት፣ ጭንቀቱ ከምታስቡት ያነሰ ነው። በዚያ ዘመን አምስት አጥቂ ይሰለፍ ነበር። ዲንም፣ ካምሰልም፣ ውድዋርድም የሚታወቁት በመሐል አጥቂነት ነው። ኤቨርተን በ1933 ፍጻሜ ከ1 እስከ 11 ቁጥር ለብሶ ሲወጣ የዲን ጀርባ ላይ የነበረው 9 ነው። ብሉመር ግን ከመሐል አጥቂው በስተቀኝ ነበር የሚጫወተው፣ በኋላ 8 ቁጥር በተባለው ቦታ። ለ9 ቁጥሯ ማሊያ ሦስቱ ይጣሉ። 8 ቁጥሯን እኔ ለብሉመር ሰጥቻለሁ።